ከሞቱ አሟሟቱ? የቦክሰኛ ስምና የመጨረሻ ግጥሚያዎቹ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 11 ቀን 1981፣ ላስ ቬጋስ። የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ላሪ ሆልምስ በሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ክብሩን ለማስጠበቅ ከትሬቨር በርቢክ ጋር ይጋጠማል። ከተመልካቾቹ መካከል በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ የ66 ዓመት ሰው አለ። ጆ ሉዊስ ነው። ይህንኑ የከባድ ሚዛን ዘውድ ከ1937 እስከ 1949 ድረስ ይዞ የቆየ፣ 25 ጊዜ ተፈትኖ ያልተነጠቀ ሰው። በማግስቱ ሞተ።

በዚያ ምሽት ሪንግ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎችም ያለ ምክንያት የሚጠቀሱ አይደሉም። ሆልምስ ከስድስት ወር በፊት ሙሐመድ አሊን አሥር ዙር ሙሉ ደብድቦ ከወንበሩ እንዳይነሳ ያደረገ ነው። በርቢክ ደግሞ ከስምንት ወር በኋላ በባሃማስ አሊን በነጥብ አሸንፎ የመጨረሻውን ምዕራፍ ይዘጋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከጊዜው በላይ የቆየ አንድ ታላቅ ቦክሰኛና የሌላውን ታላቅ ቦክሰኛ መጨረሻ የጻፉ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

"ከሞቱ አሟሟቱ" ይላሉ አበው። ሽማግሌ ሲመርቅም "ፍጻሜህን ያሳምርልህ" ይላል። ስፖርት ወዳዱም ይህንኑ ሚዛን ይዞ ይፈርዳል። አንድ አንጋፋ ቦክሰኛ በስተርጅና ሪንግ ላይ ሲወድቅ "ስሙን አበላሸ"፣ "ምናለ ቀድሞ ቢተወው ኖሮ"፣ "አሁንማ ማን እንደ ድሮው ያከብረዋል" ይባላል። ከልብ የመነጨ አስተያየት ነው። የቦክስን የመቶ ዓመት ታሪክ ገልጦ ላየ ሰው ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ያገኘዋል። የስተርጅና ሽንፈት ስምን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሰውየውን ነው። እነዚህ ሁለት ሂሳቦች መምታታታቸው ደግሞ የሚጠቅመው አካል አለ።

የዕዳ ግጥሚያዎች

ጆ ሉዊስ በ1914 በአላባማ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ዲትሮይት የተሰደደ ነው። ገና 21 ዓመቱ ሳለ፣ ጁን 25 ቀን 1935፣ በኢትዮጵያ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣሊያናዊው ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ወቅቱ የወልወል ግጭት ከተነሳ ሰባት ወር ሊሞላው የተቃረበበት፣ ሙሶሊኒ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሩን የሚያከማችበት ነበር። የአሜሪካ ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ፍልሚያ አድርገው ጻፉት። ሉዊስ ካርኔራን ደጋግሞ ወለል ላይ ጣለው፤ በስድስተኛው ዙር ዳኛው አቋረጡት። የሃርለም ጥቁሮች ጎዳና ወጥተው ጨፈሩ። ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። የአንድ ሰው ቡጢ ጦር አይመልስም። ያ ምሽት ግን በጥቁር ሕዝብ ልብ ውስጥ ለሉዊስ ማንም የማይነጥቀው ቦታ ሰጠው።

በ1936 በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በዝረራ ተሸነፈ። በ1937 ጄምስ ብራዶክን ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1938 ሽሜሊንግን ደግሞ አግኝቶ በ124 ሴኮንድ ውስጥ ጨረሰው። ዓለም ወደ ጦርነት እየሄደች ስለነበረ ያ ድል ከስፖርት በላይ ሆኖ ተቆጠረ። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ሉዊስ ወታደር ሆነ። በ1942 ያደረጋቸውን የሁለት ግጥሚያዎች ገንዘብ አንዱን ለባሕር ኃይሉ፣ ሌላውን ለምድር ጦሩ የመረዳጃ ድርጅት ሰጠ። ቤተሰቡ በችግር ዘመን ከመንግሥት የተቀበለውን የድጎማ ገንዘብ እንኳ ገና ማግኘት እንደጀመረ የመለሰ ሰው ነው።

በማርች 1949 ሻምፒዮን እንደሆነ ጓንቱን ሰቀለ። መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ሽንፈት ብቻ ሲሆን እሱንም ተበቅሎታል። ፍጻሜ ያማረለት ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ግን ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መጣ። በሙያ ዘመኑ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገኝም አብዛኛው በአስተዳዳሪዎቹ፣ በአዘጋጆቹና በእሱ በራሱ እጅ አላቂነት በትኖ ነበር። የግብር ዕዳው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በለጠ፤ ወለዱ እየተደራረበ ሄዶ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በዚያን ዘመን የከፍተኛው ገቢ ግብር 90 በመቶ ገደማ ስለነበር ዕዳውን በመዋጋት መክፈል ውኃ በወንፊት እንደመቅዳት ነው። ሆኖም ከመዋጋት ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም።

በሴፕቴምበር 1950 በ36 ዓመቱ ተመልሶ ከአዲሱ ሻምፒዮን ኢዛርድ ቻርልስ ጋር 15 ዙር ተዋጋና በነጥብ ተሸነፈ። ዕዳው አልቀነሰም፤ ስምንት ጊዜ ተዋግቶ አሸነፈ። ኦክቶበር 26 ቀን 1951 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከ28 ዓመቱ ሮኪ ማርሲያኖ ፊት ቆመ። በስምንተኛው ዙር ማርሲያኖ በግራ ጣለው፤ ሲነሳ በቀኝ መትቶ በገመዶቹ መካከል አሻግሮ ከሪንጉ አስወጣው። ማርሲያኖ በልጅነቱ ያደነቀውን ሰው በመምታቱ በሉዊስ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ አለቀሰ።

እነዚህ ሁለት ሽንፈቶች ከሉዊስ ስም ምን ወሰዱ? የማዕረግ ዝርዝር በወጣ ቁጥር መልሱ ይታያል። ታዋቂው ዘ ሪንግ መጽሔት በ2003 የምንጊዜም መቶ ኃያል መቺዎችን ሲዘረዝር አንደኛ ያደረገው እሱን ነው። የከባድ ሚዛን ታላላቆች ሲነሱ እሱና አሊ ካልተነሱ ዝርዝሩ ዝርዝር አይባልም። "ጆ ሉዊስማ በቻርልስ የተሸነፈው አይደል" ብሎ የሚከራከር የለም። የካርኔራ ምሽት፣ የሽሜሊንግ 124 ሴኮንድና የ25ቱ ግጥሚያዎች ዘመን ባሉበት አሉ።

ሰውየው ግን በነበረበት አልቆየም። በ1956 ለገንዘብ ሲል በትርኢት ትግል ላይ ወጣ። በ1970 በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባ። ኋላ በሲዛርስ ፓላስ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሠራ፤ ቱሪስቱ እጁን ጨብጦት ይሄዳል። ሲሞት ፕሬዚዳንት ሬገን ከደንቡ ውጪ ፈቅደው በአርሊንግተን የጀግኖች መቃብር ተቀበረ። የቀብሩን ወጪ ከሸፈኑት አንዱ ያ የ1938ቱ ባላንጣው ሽሜሊንግ ነበር። መንግሥት በሕይወት ሳለ በዕዳ ያሳደደውን ሰው ሲሞት በክብር ቀበረው። ስሙ አንድም ቀን ዕዳ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

አሥራ ስምንት ሽንፈት ያልነካው ስም

የቁጥር ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ከሹገር ሬይ ሮቢንሰን የተሻለ ምስክር የለም። ሮቢንሰን እስከ 1951 አጋማሽ ድረስ ከ130 ያህል ግጥሚያዎች የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም በ1943 በጄክ ላሞታ። ላሞታንም ከስድስት ጊዜ አምስቱን አሸንፎታል። ጁላይ 10 ቀን 1951 በ30 ዓመቱ ለንደን ላይ በራንዲ ተርፒን ተሸነፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው የ1965 ግጥሚያ ድረስ ሽንፈቱ 19 ደረሰ። አሥራ ስምንቱ የመጡት ከ30 ዓመቱ ወዲህ ነው ማለት ነው።

በመካከሉ ድልም ነበረው። በ1952 ጓንቱን ሰቅሎ ጭፈራን ሙያው ሊያደርግ ሞከረ፤ አላዋጣውም። በ1955 ተመልሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ የመካከለኛ ሚዛን ዘውዱን ወሰደ፤ በጠቅላላው አምስት ጊዜ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን በወጣትነቱ ፊቱ ሊቆሙ የማይችሉ ሰዎች በነጥብ ያሸንፉት ጀመር። በ44 ዓመቱ ተወ።

ዛሬ "ክብደት ሳይለይ ከሁሉም የሚበልጠው ቦክሰኛ ማነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ የታሪክ አዋቂዎች የሚጠሩት ስም የሮቢንሰን ነው። አነጋገሩ ራሱ የገነነው ለእሱ ተብሎ ነው። አሥራ ስምንት ሽንፈት በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ተጨምሮ ደረጃውን ካልቀነሰው፣ "ስሙን እንዳያበላሽ ይተው" የሚለው ምክር መሠረቱ ምንድን ነው? ሮቢንሰን በ1989 ሲሞት የማስታወስ ችሎታውን በሚሰርቅ የአልዛይመር በሽታ ተይዞ ነበር። ዓለም እሱን ሲያስታውስ እሱ ራሱን አላስታወሰም። ሂሳቡ የተከፈለው በዚያ በኩል ነው።

ቀድሞ የሄደው

"ቀድሞ መሄድ ስምን ያስከብራል" ለሚለው ሮኪ ማርሲያኖ ዋናው ምሳሌ ነው። 49 ግጥሚያ፣ 49 ድል፣ ከነዚህ 43ቱ በዝረራ። በ1956 በ32 ዓመቱ ተወ፤ ገንዘብ እያሳዩ ቢለምኑትም አልተመለሰም። እንደ "አሟሟቱ" ሚዛን ከሆነ ማርሲያኖ ከሁሉም በላይ መሆን ነበረበት።

አልሆነም። ሦስት ሽንፈት ያለበት ሉዊስና አምስት ሽንፈት ያለበት አሊ በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ከእሱ በላይ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማርሲያኖ ታላላቅ ድሎች የተገኙት በሌሎች ሰዎች የስተርጅና ዘመን ላይ ነው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። ዘውዱን የወሰደበት ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38። የመጨረሻ ተጋጣሚው አርቺ ሙር ደግሞ ለ40 የተጠጋ። ማርሲያኖ ይህን አልመረጠም፤ በዘመኑ ያገኛቸውን ሁሉ አሸንፏል፤ ጀግንነቱም አያጠራጥርም። ሆኖም ታሪክ "ማንን አሸነፍክ?" ብሎ ብቻ አይጠይቅም። "መቼ አሸነፍከው?" ብሎም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የስተርጅና ግጥሚያ አንድ ያልተጠበቀ ሥራ ሲሠራ ይታያል። የአንጋፋው ሽንፈት የአንጋፋውን ስም ከመቀነስ ይልቅ የአሸናፊውን ድል ያሳንሳል። ላሪ ሆልምስን የመሰለ ምስክር የለም። በ1985 የማርሲያኖን 49 ለመድረስ አንድ ድል ብቻ ሲቀረው፣ 48 ለ 0 ሆኖ፣ በማይክል ስፒንክስ ተሸነፈ። ከሰባት ዓመት በላይ ሻምፒዮን የነበረ፣ የግራ እጁ ቀጥታ ምት ከታዩት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሰው ነው። ግን ትልቁ ድሉ የአሊ ላይ ድል ሆነና ያ ድል ምንም አልጨመረለትም። ሆልምስ የአሊ የልምምድ አጋር ሆኖ ያደገ ነው፤ ከግጥሚያው በኋላ እንደ ማርሲያኖ እሱም አለቀሰ። በሁለቱም ጊዜ አሸናፊው ነው ያለቀሰው።

ሁለቱ አሊዎች

ሙሐመድ አሊ ጉዳዩን ያከብደዋል፤ ምክንያቱም የእሱ "ኋለኛ ዘመን" ሁለት ነገር ነው።

በ1967 ወደ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ዘውዱን ሲነጠቅ 29 ለ 0 ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ሲመለስ ያ የሚበር እግር አልነበረም። በሕይወቱ የደረሱበት አምስት ሽንፈቶች በሙሉ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ፍሬዘር በ1971፣ ኖርተን በ1973፣ ሊዮን ስፒንክስ በ1978፣ ሆልምስ በ1980፣ በርቢክ በ1981። ስለዚህ "ሳይሸነፍ ቢተው ኖሮ" የሚል ሰው አሊ በ1967 ቢያቆም ይመርጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቢያቆም የፍሬዘር ሦስት ግጥሚያዎች አይኖሩም፤ ኦክቶበር 1974 ኪንሻሳ ላይ በገመድ ተደግፎ የ25 ዓመቱን ጆርጅ ፎርማን አድክሞ በስምንተኛው ዙር የጣለበት ሌሊት አይኖርም፤ የ1975ቱ ማኒላ አይኖርም። ዓለም የሚያውቀውን አሊ የሠራው ፍጥነቱን ካጣ በኋላ ያለው ዘመን ነው። መመታት እንደሚችል፣ ተመትቶም እንደሚቆም፣ በእግሩ ፈንታ በአእምሮው እንደሚያሸንፍ የታየው ያኔ ነው።

ከማኒላ በኋላ ግን አሥር ጊዜ ተዋጋ። ታሪኩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ተዋግቶ በነጥብ አሸነፈ። ለረጅም ዘመን ሐኪሙ የነበረው ፈርዲ ፓቼኮ የአሊ ኩላሊት እየተጎዳ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ለአሊ፣ ለባለቤቱና ለአስተዳዳሪው ላከ። መልስ አላገኘም፤ ሥራውን ትቶ ሄደ። በ1978 በስፒንክስ ተሸንፎ በዚያው ዓመት ዘውዱን መልሶ ሦስት ጊዜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለማቆም ያማረ ቀን ቢኖር ያ ነበር፤ አሊም ማቆሙን አስታወቀ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ38 ዓመቱ ለሆልምስ ግጥሚያ ተመለሰ። የኔቫዳ ባለሥልጣናት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት በማዮ ክሊኒክ እንዲመረመር አደረጉ። ሪፖርቱ ጣቱን ወደ አፍንጫው ሲያመጣ መጠነኛ መሳሳት እንዳለበት፣ በአንድ እግሩ ሲዘልም የሚጠበቀው ቅልጥፍና እንደሌለው ይጠቅሳል። በአንድ ወቅት እንደ ቢራቢሮ ይንሳፈፋል ይባልለት የነበረው ሰው ነው ይህ። ፈቃዱ ተሰጠ። ኦክቶበር 2 ቀን 1980 አሊ አሥር ዙር ያህል ሳይመልስ ተመታ፤ አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመ። በዘመኑ ሁሉ ሳይጨርስ የተሸነፈው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ ደግሞ በርቢክ። በ1984 የፓርኪንሰን ምልክቶች እንዳሉበት ተነገረ። ሐኪሞች በትክክለኛው ምክንያት ላይ ቢከራከሩም እነዚያ ዙሮች ጠቅመውታል የሚል የለም።

ስሙስ? በ1996 በአትላንታ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሊምፒክን ችቦ ሲለኩስ ዓለም ሁሉ ቆሞ አየው። የሆልምስና የበርቢክ ምሽቶች ከስሙ አንድ ፊደል አልነቀሉም። የሚንቀጠቀጠው እጅ ግን የራሱ እጅ ነበር፤ እስከ ጁን 2016 ድረስም ከዚያ እጅ ጋር ኖረ።

የማይገጥሙ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች

ለዚህ ሐሳብ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም በቁም ነገር መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ሮይ ጆንስ ነው። በማርች 2003 ከመካከለኛ ሚዛን ተነስቶ ጆን ሩይዝን በማሸነፍ ከከባድ ሚዛን ቀበቶዎች አንዱን ወሰደ፤ የቀድሞ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ይህን ያደረገ ሰው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልታየም ነበር። በሜይ 2004 አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው። በሴፕቴምበር ግሌን ጆንሰን ደገመው። ጆንስ ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ቀጠለ፤ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ሳይጨርስ ተሸነፈ። "አገጩ ድሮም ደካማ ነበር፤ ፍጥነቱ ሸፍኖት እንጂ" የሚል ጥያቄ የተነሳው ያኔ ነው። ይህ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ያልሆነ አይደለም፤ በጉልምስናው ዘመን በበቂ ያልተፈተነ ነገር ስለነበረ። ሆኖም የጆንስን ስም የጎዳው የመጀመሪያው ዓመት ሽንፈት ነው እንጂ በ40ዎቹ ዕድሜው በሩሲያና በአውስትራሊያ የደረሰበት አይደለም። ያኛውን ማንም ከሂሳብ አያስገባም። ጊዜ ሲያልፍም ፍርዱ ተረጋጋ፤ በ2022 በካናስቶታ ወደሚገኘው የቦክስ የዝና አዳራሽ ሲገባ የተቃወመ አልተሰማም። የዛሬ ወጣት በስልኩ የሚያየው የ1990ዎቹን ጆንስ ነው።

ሁለተኛው ጆርጅ ፎርማን ነው። የፎርማን ምሳሌ የሚያሳየው የስተርጅና ዘመን ስም ሊጨምር እንደሚችል ነው። በመጀመሪያ ዘመኑ በ1973 ኪንግስተን ላይ ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ ወለል ላይ የጣለ፣ በዓመቱ ደግሞ በአሊ የተዋረደ፣ ቁጡና የማይወደድ ሰው ነበር። በ1977 በጂሚ ያንግ ከተሸነፈ በኋላ ትቶ ሰባኪ ሆነ። በ1987 በሂዩስተን ለከፈተው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ያስፈልገኛል ብሎ፣ ወፍሮና ራሱን ተላጭቶ ሲመለስ የሳቀበት ብዙ ነው። ብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹም ደካሞች ነበሩ። ግን በ1991 ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ቆመ። ኖቬምበር 5 ቀን 1994 በ45 ዓመቱ፣ ኪንሻሳ ላይ የለበሰውን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ለብሶ፣ በሁሉም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ሳለ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር በአጭር ቀኝ ምት ዘረረ። በማዕዘኑ የቆመው አሰልጣኝ ከሃያ ዓመት በፊት በአሊ ማዕዘን የነበረው ደንዲ ነበር።

ያ አንድ ምት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የወጣቱን ፎርማን ታሪክ ሳይቀር አደሰው። የኪንሻሳ ተሸናፊ የነበረው ሰው በ2025 ሲሞት እንደ አንድ የተወደደ አባት ተሸኘ። ዛሬ አንድ አርባ ያለፈው ቦክሰኛ ሊመለስ ሲል የሚጠቅሰው ፎርማንን ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው፤ ለአንድ ፎርማን ስንት ሰው እንደተመታ ማንም አይቆጥርም።

ማን ነው የሚከፍለው?

እንግዲህ ሂሳቡ እንዲህ ይወጣል። ታላቅነት በአንድ ወቅት ይሠራል፤ ከተሠራ በኋላ በሌላ ወቅት አይፈርስም። የኋላ ድል ከመጣ ይጨምራል፤ የኋላ ሽንፈት ከመጣ ደግሞ ተመልካቹ "አርጅቶ ነው" ብሎ ወደ ጎን ይተወዋል። ለስም ከሆነ የስተርጅና ግጥሚያ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የሌለው ንግድ ነው።

ለአንጋፋው የሚጠቀሰው "ስምህን ጠብቅ" የሚለው ምክር ዋጋ የማያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ቦክሰኛው ስሙ እንደማይነካ በደመ ነፍስ ያውቀዋል። ሉዊስ ያውቀው ነበር፤ አሊም እንዲሁ። አዘጋጁ ደግሞ ከእነሱ የበለጠ ያውቀዋል፤ ትኬት የሚሸጠው ያ የማይነካ ስም ነውና። ኖቬምበር 2024 የ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ከ27 ዓመት ወጣት ጋር ተጋጥሞ በነጥብ ሲሸነፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ማያው ላይ አፍጥጦ አመሸ። በማግስቱ ወሬው ሁሉ "ስሙን አዋረደ ወይስ አላዋረደም?" ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓለምን ያስፈራው ታይሰን በዚያ ምሽት ምንም አልሆነም። ጉልበቱ በማሰሪያ ተጠቅልሎ የወጣው የ58 ዓመቱ ሰው ነው።

ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ ከነገሩን ቆየ። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በተደጋጋሚ የተመቱ ቦክሰኞች እንደሰከረ ሰው መንገዳገዳቸውንና መፍዘዛቸውን በሕክምና መጽሔት የጻፈው በ1928 ነው። ጆ ሉዊስ ገና ጓንት ሳያጠልቅ። በመካከሉ ያለው ዘመን ሁሉ ያለፈው እየታወቀ ነው። ሉዊስን የመለሰው የግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ አሊን ሪንግ ላይ ያወጣው ፈቃድ ሰጪው ነው፤ ሁለቱንም የተመለከተው ትኬት ገዢው ነው። "ለስሙ ሲል ይተው" የሚለው ንግግር እነዚህን ሁሉ ነጻ አውጥቶ ጥፋቱን በራሱ በቦክሰኛው ክብር ማጣት ላይ ይጥለዋል።

"ከሞቱ አሟሟቱ" የሚለው አባባል እውነትነቱ አልጠፋም፤ ቦታው ግን የስም መዝገብ አይደለም። የሚጠየቀው ሰውየው ከዚያ በኋላ የኖረባቸው ዓመታት እንዴት እንደነበሩ ነው፤ ልጁን በስሙ ይጠራ ነበር ወይ፣ ጽዋውን ሳያፈስ ይጠጣ ነበር ወይ። የቦክስ የታላላቆች ዝርዝር ይህን አምድ አይዘውም።

ያን የኤፕሪል 1981 ምሽት በሲዛርስ ፓላስ የነበረ ተመልካች ሁለቱንም መዝገብ በአንድ ቦታ አይቷል። ስሙ ማንም ያልደረሰበት የ25 ግጥሚያዎች ንጉሥ። ወንበሩን ሌላ ሰው የሚገፋለት ሽማግሌ። ሪንግ ላይ ሆልምስና በርቢክ 15 ዙር ተዋግተው ሆልምስ በነጥብ አሸነፈ። በርቢክ ተሸንፎ ወረደ፤ በዲሴምበር ግን ሌላ ግጥሚያ እየጠበቀው ነበር። ተጋጣሚው 40 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ሙሐመድ አሊ ነበር።